ካርቶኖቹን ከመጣላችን በፊት
(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ የሒሳብ ክፍል አባላት በየዓመቱ ፊታችሁ ስንቆም የምናነበው ገቢና ወጪ ነው። የዘንድሮው ሪፖርት ታትሞ በየወንበራችሁ ላይ ተቀምጧል፤ ጥያቄ ካለ ከቡናው በኋላ እንመልሳለን። አሁን የተሰጠንን ጊዜ ለሌላ ጉዳይ እንጠቀምበት። ጉዳዩ በቢሯችን ጓዳ የተደረደሩት አሥራ አራት ካርቶኖች ናቸው። የኪራይ ውላችን ሊያበቃ ስለሆነ ከሁለት ወር በኋላ ወደ ጠባብ ክፍል እንዛወራለን። ካርቶኖቹ ይጣሉ ወይስ ይቀመጡ የሚለው በዛሬው አጀንዳ አራተኛ ተራ ላይ ተይዟል። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የምንለው አለን።

በመጀመሪያ ጥፋታችንን እንናገር። የዛሬ ሦስት ዓመት ቢሮ ስናጸዳ ከሰባት ዓመት በላይ የቆዩ ደረሰኞችንና የመዋጮ ደብተሮችን በፌስታል ጠቅልለን ጣልን። ለዲፕሎማ ስንማር የተነገረን፣ በሥራም የለመድነው ይህ ነው፤ ሰነድ ዕድሜ አለው፣ ጊዜው ሲያልፍ ይወገዳል። በሒሳብ ሥራ ልማድ አልተሳሳትንም። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ግን ከመጀመሪያዎቹ አባሎቻችን አንዷ አረፉ። ልጃቸው ቢሮ መጣችና፣ «እናቴ ማኅበሩ ሲመሠረት ነበረች ይባላል። በቀብሩ ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ እየጻፍኩ ነው። መቼ እንደገባች፣ ምን እንደሠራች የሚያሳይ ነገር አላችሁ?» አለችን። ፈለግን። የባንክ መግለጫ አገኘን፤ በእሱ ላይ ያለው ግን ድምር ገንዘብ እንጂ የሰው ስም አይደለም። እኚያ እናት በየወሩ እየፈረሙ የከፈሉበትን ደብተር የጣልነው እኛው ነን። በሕይወት ታሪካቸው ላይ «የማኅበሩ አባል ነበሩ» የሚል አንድ መስመር ብቻ ተነበበ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመን ያንን መስመር ስንሰማ የተሰማንን እዚህ ማብራራት አያስፈልግም።

ከዚያ ወዲህ ነው የሌሎች ሴቶች ማኅበራት ወረቀታቸውን እንዴት እንደጠበቁ መጠየቅ የጀመርነው። ፍለጋችንም ሩቅ አልወሰደንም። ከዘጠነኛውና ከዩ ስትሪት፣ እንጀራ ገዝተን ቡና ጠጥተን ከምንመለስበት ሰፈር ተነስታችሁ ወደ ሎጋን ሰርክል በእግር ብትሄዱ ከሩብ ሰዓት ብዙም አይፈጅባችሁም። ቬርሞንት ጎዳና ቁጥር 1318 ላይ አንድ ያረጀ የጡብ ቤት ታገኛላችሁ። ብዙዎቻችን ሳናውቀው በደጁ አልፈናል። የወይዘሮ ሜሪ ማክሊዮድ ቤትዩን ቤት ነው። (ስማቸውን በመጀመሪያ «ቤቱን» ብለን ጽፈን ነበር፤ ረቂቁን ያነበቡ አንዲት እናታችን «የማንን ቤት?» ብለው ስለጠየቁን ቤትዩን አድርገነዋል።)

ወይዘሮ ቤትዩን በ1875 በደቡብ ካሮላይና፣ ሜይስቪል በምትባል ትንሽ ቦታ ተወለዱ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ወላጆቻቸው በባርነት የኖሩና ነፃነትን ያዩ ገበሬዎች ሲሆኑ እሳቸው ከአሥራ ሰባት ልጆች አሥራ አምስተኛዋ ነበሩ። ከጥጥ ማሳ ወደ ትምህርት ቤት ማይሎችን እየተጓዙ ፊደል ቆጠሩ። ቀጥሎ የተማሩት አይታቸው በማታውቅ፣ በኮሎራዶ በምትኖር አንዲት ልብስ ሰፊ እርዳታ ነው። እዚህ ያላችሁ ለጋሾቻችን ይህችን ልብስ ሰፊ ልብ በሏት፤ የላከችው ገንዘብ ምን እንደሚያፈራ በዚያን ጊዜ የምታውቅበት መንገድ አልነበረም። ተምረው ሲጨርሱ ወደ አፍሪካ በሚስዮናዊነት ለመሄድ አመለከቱ። ለጥቁር ሚስዮናዊ ቦታ የለንም ተባሉ። ለአፍሪካ የተመኙትን ሥራ በአሜሪካ ደቡብ ሠሩት ማለት ነው።

በ1904 ፍሎሪዳ፣ ዴይቶና ከተማ ለጥቁር ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈቱ። በእጃቸው የነበረው አንድ ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ነው። ተማሪዎቹ አምስት ልጃገረዶችና የራሳቸው ትንሽ ልጅ ነበሩ። ጠረጴዛና ወንበሩ የተጣለ ሣጥን፣ እርሳሱ የከሰለ እንጨት፣ ቀለሙ ከጫካ ፍሬ የተጨመቀ ነበር። የስኳር ድንች ፓይ እየጋገሩ ለቀን ሠራተኞች ሸጡ። ቆሻሻ ይጣልበት የነበረ መሬት አምስት ዶላር ቀብድ ከፍለው እንደገዙና እሱንም አምስቱን ዶላር ከዚያው ሽያጭ እንዳገኙት ራሳቸው ይናገሩ ነበር። ዳቦ ጋግራ፣ ሳምቡሳ ጠብሳ፣ ዕቁብ ጥላ ንግድ የጀመረች አባል በመካከላችን ስላለች ይህን ታሪክ ለማመን አንቸገርም።

ያ ትምህርት ቤት በ1923 በጃክሰንቪል ከነበረው ከኩክማን ተቋም ጋር ተዋሐደ፤ በ1931 ቤትዩን ኩክማን ኮሌጅ ተባለ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ነው። ጥቁሮች ከነጮች ጋር እንዳይማሩ ሕግ በከለከለበት ዘመን ለጥቁሮች ከተቋቋሙት፣ እስከ ዛሬም «ታሪካዊ የጥቁሮች ኮሌጆች» ከሚባሉት አንዱ ነው። ወይዘሮ ቤትዩን እስከ 1942 ድረስ በፕሬዚዳንትነት መሩት፤ በኋላም ለአጭር ጊዜ ተመልሰው መርተውታል። በዚያ ዘመን አንዲት ሴት የኮሌጅ ፕሬዚዳንት መሆኗ ራሱ ብርቅ ነበር። አንዲት ተማሪያቸው ትርፍ አንጀት ታማ የነጮች ሆስፒታል ሲወስዷት በኋላ በረንዳ ላይ እንደተኛች ባዩ ጊዜ በ1911 በትምህርት ቤቱ አጠገብ ሆስፒታል ከፈቱ። ጥቁሮች በዴይቶና ባሕር ዳርቻ መዝናናት ስላልተፈቀደላቸው በ1940ዎቹ ከሌሎች ጋር ገንዘብ አዋጥተው ከከተማው በስተደቡብ የባሕር ዳር መሬት ገዙ። ያ ዳርቻ እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

ይህን ሁሉ ብዙ ሰው ያውቃል። እኛን ያስገረመን ግን ሌላ ነው። ትምህርት ቤት ለማቆም በየሰው ደጅ ሲለምኑ የኖሩ ሴት፣ ለአስተማሪ ደመወዝ ገንዘብ የቸገራቸው ሴት፣ ለወረቀት የሚሆን ገንዘብና ቦታ መፈለጋቸው ነው። በእኛ የሒሳብ አስተሳሰብ ቢሆን «መጀመሪያ ደመወዙ ይከፈል፣ ቅርሱ ይደርሳል» እንል ነበር። እሳቸው ጎን ለጎን አስኬዱት።

ይህን ብቻቸውን አላመጡትም፤ ከእሳቸው በፊት የነበሩ ሴቶች መንገዱን ጀምረውት ነበር። ከባርነት አምልጦ ታላቅ ተናጋሪ የሆነው ፍሬድሪክ ዳግላስ ሲሞት፣ እዚሁ ዋሽንግተን አናኮስቲያ ኮረብታ ላይ ያለው ቤቱ ሊሸጥ ተቃርቦ ነበር። ባለቤቱ ሄለን ቤቱ እንዳይሸጥ እስከ ሞት ታገሉ። ከእሳቸው በኋላ የጥቁር ሴቶች ክበባት ብሔራዊ ማኅበር የቤቱን ዕዳ ተረከበ። በየከተማው ያሉ አስተማሪዎች፣ ልብስ አጣቢዎችና የቤት ሠራተኞች ሳንቲም እያዋጡ ሞርጌጁን ከፈሉ፤ ከግለሰቦች ትልቁን መዋጮ ያደረጉት ልብስ ከማጠብ ተነስተው በፀጉር ቅባት ንግድ የበለጸጉት ማዳም ዎከር ናቸው። ቤቱ ዛሬም ቆሟል፤ ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ጋር ሊጎበኙት ይችላሉ። ይህን ማኅበር ከ1924 እስከ 1928 በፕሬዚዳንትነት የመሩት ወይዘሮ ቤትዩን ናቸው።

በ1936 ደግሞ ሌላ ኃላፊነት ተቀበሉ። የታሪክ ሊቁ ካርተር ጂ. ውድሰን የጥቁሮችን ታሪክ የሚያጠና ማኅበር መሥርቶ ነበር፤ በ1926 የተጀመረው የጥቁሮች ታሪክ ሳምንት፣ አሁን በየካቲት ወር ልጆቻችን በትምህርት ቤት የሚያከብሩት፣ ከእሱ የመጣ ነው። ቤቱም ቢሮውም ዘጠነኛው ጎዳና ቁጥር 1538 ላይ ነበር፤ ይህም ያው ሰፈራችን ነው። ወይዘሮ ቤትዩን የዚህ ማኅበር የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ 1951 ቆዩ። ሊቁ ለሊቃውንት የሚሆን መጽሔት ያሳትም ነበር። እሳቸው ግን የመንደር አስተማሪዋና ተማሪዋ የሚያነቡት ቀለል ያለ ነገር ያስፈልጋል አሉ፤ በ1937 የወጣው የታሪክ መጽሔት በእሳቸው ሐሳብ የተጀመረ ነው። የተቀመጠ ወረቀት ካልተነበበ ካርቶን ውስጥ እንዳለ ይቀራል፤ ይህን ያወቁት ከማስተማር ይመስለናል።

አሁን ወደ ቬርሞንት ጎዳናው ቤት እንመለስ። በ1935 ወይዘሮ ቤትዩን በየቦታው ያሉትን የጥቁር ሴቶች ማኅበራት አሰባስበው የጥቁር ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤትን መሠረቱ። በዚያው ዘመን ሜሪ ቢርድ የተባሉ ነጭ የታሪክ ጸሐፊ የሴቶችን ሁሉ ሰነድ የሚይዝ ትልቅ ቤተ መዛግብት ለማቋቋም ሞክረው ነበር፤ በ1940 ሳይሳካ ተበተነ። የምክር ቤቱ ሴቶች ግን የራሳቸውን ጀምረው ነበር። የቤተ መዛግብት ኮሚቴ አቋቁመው የጥቁር ሴቶችን ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍና የስብሰባ ወረቀት ለመሰብሰብ ተነሱ። ለምን? ታላላቆቹ ቤተ መጻሕፍት የጥቁር ሴትን ቃለ ጉባኤ እንደ ታሪክ ስለማይቆጥሩት ነው። ማንም መጥቶ «ወረቀታችሁን ስጡን፣ እንጠብቅላችሁ» አላላቸውም።

በ1943 ቤቱን ገዙት። ዋጋው 15,500 ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ 10,000 ዶላሩን የሰጡት ማርሻል ፊልድ የተባሉ ባለጸጋ ናቸው። ቀሪው 5,500 ዶላር ነው፤ ይህን ቁጥር ስናይ እኛ የሒሳብ ሰዎች ዝም ብለን አናልፍም። ሁለት ሦስተኛው ከአንድ ሰው እጅ ከመጣ፣ ያ ሰው ሐሳቡን ቢቀይር ቤቱ የለም ማለት ነበር። ሆኖም ባለጸጋው የሚሰጥበት የተደራጀ ማኅበር፣ የተከፈተ ሒሳብና የታመነች መሪ ባያገኝ ኖሮ አይሰጥም ነበር። ለጋሽም አባልም እዚህ አዳራሽ አሉና ሁለታችሁም ድርሻችሁን እዩት። ቤቱ የምክር ቤቱ ጽሕፈት ቤት ሆነ፤ ወይዘሮ ቤትዩን ለጥቂት ዓመታት ኖሩበት፣ ስብሰባ ተሰበሰቡበት፣ እንግዳ ተቀበሉበት።

የቤተ መዛግብቱ ነገር ግን እንደታሰበው ቶሎ አልሆነም። ቤቱ በሥራ ተጨናነቀ፣ ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ዋለ። በ1955 ወይዘሮ ቤትዩን ሲያርፉ ሙዚየም የሚባል ነገር አልነበረም። በ1966 ቤቱን እሳት ጎዳው፤ ምክር ቤቱም ለቆ ወጣ። ሙዚየሙና ቤተ መዛግብቱ ተከፈተ የተባለው በ1979 ነው። ኮሚቴው ከተቋቋመ አርባ ዓመት ገደማ ሆኖት ማለት ነው። በ1982 ብሔራዊ ታሪካዊ ስፍራ ተብሎ ተሰየመ፣ በ1994 የብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ገዝቶ ተረከበው። በእነዚያ አርባ ዓመታት «ይህ አሮጌ ወረቀት ምን ያደርግልናል፣ ቦታ ያዘብን» ብላ ያወጣች አንዲት ሒሳብ ያዥ ብትኖር ኖሮ በ1979 የሚከፈት ነገር አይኖርም ነበር። ይህን የምንለው ማን እንደነበርን አውቀን ነው።

ስለ ዴይቶናው ቤታቸው ጨምረን ወደ ራሳችን እንምጣ። በኮሌጁ ግቢ የነበረውን መኖሪያቸውን በ1953፣ ከመሞታቸው ሁለት ዓመት ቀድመው፣ በስማቸው ለተቋቋመ ድርጅት አስረከቡ። ኤሊኖር ሮዝቬልት በእንግድነት ያደሩበት ቤት ነው። ደብዳቤዎቻቸው፣ መጻሕፍታቸውና ፎቶግራፎቻቸው በዚያ ተቀምጠው ተማሪና ተመራማሪ እንዲጠቀምባቸው ፈለጉ። አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ «የራሷን ቤት በራሷ ስም ሙዚየም አደረገች» ሊል ይችላል። እኛም መጀመሪያ ትንሽ ከበድ ብሎን ነበር፤ በእኛ ባህል ስለ ራስ ማውራት አያምርም፣ ሌላው ይናገርልህ ነው የሚባለው። ነገር ግን ሌላው የማይናገርልህ አገር ውስጥ ብትኖርስ? በ1953 የትኛው የፍሎሪዳ የመንግሥት ሙዚየም የባሪያ ልጅ የሆነችን ጥቁር ሴት ደብዳቤ ሊያስቀምጥ ይመጣ ነበር? ቤቱ በ1974 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ፤ በ2022 ደግሞ ያችው ፍሎሪዳ ሐውልታቸውን በአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ ውስጥ ወክላ አቆመች። መቃብራቸው እዚያው ከቤታቸው ጀርባ ነው።

እንግዲህ ወደ አሥራ አራቱ ካርቶኖች።

ባለፉት ሦስት ሳምንታት ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀምጠን ከፍተናቸዋል። ከጥፋታችን የተረፉ ናቸው፤ ከኋላ ሌላ ዕቃ ስለነበረባቸው ያኔ አላየናቸውም። ያገኘነውን ሁሉ አንዘረዝርም። በእጅ የተጻፉ ቃለ ጉባኤዎች አሉ። ለሐዘን የወጣ ገንዘብ የተመዘገበበት ደብተር አለ፤ የማን አባት፣ በየትኛው ወር፣ ምን ያህል ተዋጣ፣ ማን አደረሰ ይላል። አዲስ ለመጣች እህት ማደሪያ ክፍል ማን እንደሰጣት የሚናገር ቁራጭ ወረቀት አለ። የሞግዚትነትና የሆቴል ጽዳት ሥራ ያላቸው አባላት የእረፍት ቀናቸውን ያስመዘገቡበት ዝርዝር አለ፤ ስብሰባው የሚደረገው ማክሰኞ ማታ የሆነው ለካ በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ያለነው ታናናሾች ለምን ማክሰኞ እንደሆነ ሳናውቅ ስናማርር ኖረናል።

የምናቀርበው ሐሳብ ሁሉም ይቀመጥ የሚል አይደለም። የመብራትና የስልክ ሒሳብ፣ የተደጋገመ ኮፒ፣ ባዶ ቅጽ ይወገድ። የአባላት የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር፣ የሕመምና የቤተሰብ ችግር የተጻፈባቸው ወረቀቶች ለብቻ ተለይተው በቁልፍ ይቀመጡ፤ ባለቤቷ ወይም ቤተሰቧ ሳይፈቅድ ማንም አያያቸውም። ሰው በችግሩ ቀን ለማኅበሩ የነገረውን ታሪክ ነው ብለን አደባባይ አናወጣም። ቃለ ጉባኤው፣ የመዋጮና የሐዘን ደብተሩ፣ ፎቶግራፉና ደብዳቤው ግን በስካነር ተነስቶ ዋናው ደረቅ ቦታ ይቀመጥ። የእርጥበት ነገር ያስፈራናል፤ ሁለት ካርቶኖች ከታች በኩል ሻግተዋል።

ወጪው በሪፖርቱ የመጨረሻ ገጽ ላይ አለ። የስቶሬጅ ኪራይ፣ አሲድ የሌለበት ፎልደርና ሣጥን፣ አንድ ስካነር። ለእያንዳንዷ አባል ሲካፈል በዓመት ሦስት ዶላር ገደማ ይደርሳል። ይህን ከሐዘን ወይም ከትምህርት ፈንድ አንነካም፤ የራሱ መስመር ይከፈትለት እንላለን። የራሱ መስመር የሌለው ነገር ገንዘብ ሲያጥር መጀመሪያ እንደሚቆረጥ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ለጋሾቻችንም ለዚህ ብቻ የሚውል ነገር መስጠት ከፈለጋችሁ ደረሰኙ ላይ እንጽፍላችኋለን።

ስለ እኚያ ስላረፉት እናታችን አንድ ነገር እንጨምር። በዘጠነኛው ካርቶን ውስጥ በአንድ ቃለ ጉባኤ መጨረሻ ላይ ስማቸውንና ፊርማቸውን አገኘን። በዚያ ስብሰባ ገንዘብ ያዥ ሆነው ተመርጠዋል። ከእኛ በፊት በእኛ ወንበር የተቀመጡ ናቸው ማለት ነው። ኮፒውን ለልጃቸው ሰጥተናል።

ከኋላ ባለው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ሦስት ካርቶን ፎቶግራፎች አውጥተናል። ከግማሽ በላዩ ጀርባው ላይ ስም የለውም። እናቶቻችን፣ ድምፅ ከሰጣችሁ በኋላ፣ ቡናው እስኪፈላ፣ እባካችሁ መነጽራችሁን አድርጋችሁ እዩልን። የምታውቁት ፊት ካለ ስሙን፣ ቦታውንና ዓመቱን ጻፉበት። እርሳስ አምጥተናል። በእስክሪብቶ አትጻፉ፤ ቀለሙ ወደ ፊት በኩል ያልፋል።